አሳዳጁ የጠፋበት ግሥ፦ «ተሰደደ» በጥናትና በሕግ አማርኛ

ስለ ስደት የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ የቃለ መጠይቅ መምሪያውን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል፤ ከአማካሪው ጋር ይመክርበታል፤ አስተያየት ሲሰጠው ያርማል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ወደ መስክ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። «ለመሰደድ የወሰኑት ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚወለደው በዚህ ጥድፊያ መካከል ነው። ጥያቄው የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ነገር ግን ከሳዑዲ ዐረቢያ በግድ የተመለሰች ሴት ፊት ሲቀርብ ገና መልስ ሳይሰጥበት ሁለት ነገር ፈርዷል፤ መሰደድን ውሳኔ አድርጎታል፤ የውሳኔውንም ባለቤት እርሷን አድርጓታል። አሳዳጅ ይኑር አይኑር የሚጠየቅበት ቦታ አልተወም።

«ተሰደደ» በመነሻው ሁለት ወገን የያዘ ግሥ ነበር፤ የሚያሳድድና የሚሰደድ። ዛሬ በአብዛኛው የሚነገረው አንዱ ብቻ ቀርቶበት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ሰሚው የጎደለውን ከኑሮ ያውቀዋልና። በጥናትና በሕግ ቋንቋ ግን የጎደለውን የሚሞላ ሰሚ የለም። ባዶው ቦታ ባዶ እንደሆነ ወደ ሰንጠረዥ ይገባል፤ ከሰንጠረዥ ወደ ምክረ ሐሳብ፣ ከምክረ ሐሳብም ወደ መመሪያ ይሻገራል። ስለዚህ የግሡን አካሄድ መመርመር ለሥነ ልሳን ተማሪዎች ብቻ ተለይቶ የሚተው ሥራ አይደለም።

የሥሩ ጉዞ

በግእዝ «ሰደደ» ማለት አባረረ፣ ከቦታው አስወጣ፣ አሳደደ ማለት ነው። ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላትም ሆነ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ» ውስጥ ሥሩን የሚፈልግ አንባቢ የሚያገኘው ይህንኑ የማባረር ሐሳብ ነው። ተደራጊው «ተሰደ» ነው፤ ተባረረ፣ ተነዳ፣ ከአገር ወጣ። አድራጊና ተደራጊ እንደ ገደለና ተገደለ ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው፤ አንዱ በተነገረ ቁጥር ሌላው ይታሰባል።

አማርኛ ሥሩን ሲወርስ አድራጊውን አለሰለሰው። «ሰደደ» ላከ፣ ለቀቀ ሆነ፤ ደብዳቤ ይሰደዳል፣ ከብት ወደ ግጦሽ ይሰደዳል፣ ውሻ በሌባ ላይ ይሰደዳል። ሜዳ ለሜዳ የሚሮጠው እሳት ሰደድ ይባላል፤ ገሪ ያጣ ሰው ስድ ነው፤ ቤት መምታትና ቤት መድፋት የማያስረው ጽሑፍም ስድ ንባብ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው «ሥር ሰደደ» የሚለው አነጋገር ነው። ሰው ከአፈሩ መነቀሉ የሚነገርበት ሥረ ቃል፣ ዛፍ በአፈር መያዙም ይነገርበታል። (በዚህ ግጥምጥሞሽ ላይ ፍልስፍና መገንባት ይቻላል፤ የሚሻለው ግን ለሰዋስው መተው ነው። የሁለቱም የጋራ ሐሳብ አንድን ነገር ከራስ አርቆ መልቀቅ ነው፤ ዛፉ ሥሩን ወደ ታች ይለቃል፣ ገዥው ሰውን ወደ ውጭ።)

አድራጊው እንዲህ ሲለሰልስ ተደራጊው ብቻውን ቀረ። ዛሬ «ንጉሡ ሰደደው» ቢባል ሰሚው መልእክተኛ አድርጎ እንደ ላከው እንጂ ከአገር እንዳባረረው አይረዳም። የማባረሩን ሐሳብ የተረከቡት «አሳደደ» እና «አሰደደ» ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ሙሉውን አልተረከቡም። «አሳደደ» ከኋላ መከተሉን፣ ማወኩን፣ አላስቀምጥ ማለቱን ይናገራል፤ የተሳደደው ሰው በመጨረሻ ከአገር ወጣ ወይስ በጎረቤት ቀበሌ ተሸሸገ የሚለውን ክፍት ይተወዋል። «አሰደደ» ደግሞ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይደለም፤ ችግር ያሰደደው፣ ጦርነት ያሰደዳት፣ ኑሮ ያሰደዳቸው ይባላል። «ተሰደደ» ትክክለኛ ባላንጣው የሞተበት ተደራጊ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ውጤት በሰዋስው ላይ በግልጽ ይታያል። የአማርኛው «ተ» ቢያንስ ሁለት ዓይነት ግሥ ያወጣል። «ተገደለ»፣ «ተያዘ»፣ «ተማረከ» የሚሉት ድርጊቱ በሌላ የተፈጸመባቸውን ያሳያሉ። «ተመለሰ»፣ «ተነሣ»፣ «ተሻገረ» የሚሉት ግን ባለቤቱ ራሱ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ያመለክታሉ። «ተሰደደ» ከመጀመሪያው ወገን ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። «በፖሊስ ተያዘ»፣ «በጠላት ተማረከ» ማለት ቀላል ነው፤ «በደርግ ተሰደደ» ማለት ግን ጆሮን ይቆረቁራል፤ ተናጋሪው ሳያስበው «በደርግ ዘመን» ወይም «በደርግ ምክንያት» ብሎ ያስተካክለዋል። አሳዳጁ ዘመን ወይም ምክንያት ሆነ። ትእዛዝም ሌላው መፈተኛ ነው። «ተማረክ!» ብሎ ማዘዝ እንግዳ ነገር ነው፤ «አትሰደዱ» የሚል ምክር ግን በየመድረኩ ይሰማል። መስተዋድዱም ተለውጧል። የሚባረር ሰው ዋናው ነገሩ የተባረረበት ቦታ ነበር፤ «ከአገሩ ተሰደደ»። ዛሬ ግሡን የሚከተለው «ወደ» ነው፤ ወደ ሱዳን፣ ወደ አውሮፓ፣ ወደ ዐረብ አገር። ዐይን ከተተወው ቤት ላይ ተነሥቶ መድረሻው ላይ ዐረፈ፤ አጥኚውም ዐይኑን ተከተለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የጥንቱ ፍች ፈጽሞ አልጠፋም። ማንም «ለሽርሽር ተሰደደ» አይልም። በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ውጭ የሄደ ወጣት «ሄደ» ነው የሚባለው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ካልተመለሰ «እዚያው ቀረ» ይባላል፤ «ተሰደደ» የሚባለው መመለስ የሚከለክለው ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። «ወድዶ የተሰደደ የለም» የሚለው ተራ አነጋገርም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በሰዋስው ያጣውን አሳዳጅ ግሡ በትዝታ ይዞታል። የሚያሠጋው በተርጓሚና በሹም ብዕር ይህ ትዝታም ሊፋቅ መቻሉ ነው።

የሸሸና የተሰደደ

ግሡ ሙሉ በነበረበት ጊዜ ምን ይል እንደ ነበር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ስለ ጽድቅ ብለው መከራ የሚቀበሉትን ለማመልከት የገባው ግሥ «ይሰደዳሉ» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ በቀጣዮቹ ቁጥሮች ደግሞ ያንኑ መከራ የሚያደርሱት ሰዎች በ«አሳደደ» ተገልጸዋል። አድራጊና ተደራጊ በአጠገብ ላጠገብ ተቀምጠዋል። ዛሬ በ«ተሰደደ» አገር መልቀቅን ብቻ የለመደ አንባቢ ቦታውን ሲያነብ ለጽድቅ ሲል ባሕር የተሻገረ መንገደኛ ሊታየው ይችላል፤ ጽሑፉ ግን ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚሳደደውንም ይጨምራል።

ከዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 2 የበለጠ ያስተምራል። መልአኩ ለዮሴፍ ወደ ግብፅ እንዲሄድ ሲነግረው በአማርኛው የተመረጠው ግሥ «ሸሸ» ነው። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በዘመነ ጽጌ የምታስበው ቤተ ክርስቲያን ግን «ስደት» ትለዋለች እንጂ ሽሽት አትለውም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ትእዛዝ የሚሰጠው ሊያደርገው ለሚችል ሰው ነውና ለዮሴፍ «ሽሽ» ተባለ፤ እግር የሚያደርገው መሸሽ ነው። መታሰቢያው ግን እግሩ ያደረገውን ሳይሆን በእናትና በሕፃን ላይ የደረሰውን ስለሚዘክር ሄሮድስን ከነሠይፉ የሚያቆይ ቃል ያስፈልገው ነበር። ሽሽት የሚሮጠውን ያሳያል፤ ስደት ከኋላው ያለውንም ጨምሮ።

የእስልምናው ታሪክ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ ነጃሺ የመጡበት ጉዞ በዐረብኛ ሂጅራ ይባላል። የዐረብኛው ሥር የመለየት፣ ትቶ የመውጣት ሐሳብ አለው፤ ባለቤቱ ራሱ ይለያል። አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ሂጅራን እንዳለ ይጠቀሙበታል፤ ሲተረጉሙት ግን «ወደ ሐበሻ የተደረገው ስደት» ይላሉ። በዚህ ትርጉም የታሪኩ ማዕዘን ይዞራል፤ በሂጅራ ውስጥ ከፊት የቆመው የአማኞቹ ውሳኔ ሲሆን በስደት ውስጥ የቁረይሾች በደል ወደ ፊት ይመጣል። አንዱ ቃል የሌላው ስሕተት አይደለም፤ ተርጓሚው ግን ምን እንደ ጨመረና ምን እንደ ቀነሰ ማወቅ ይገባዋል።

የሁለቱ ግሦች ልዩነት የአገር ክርክር የሆነበት ጊዜም ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ የጣሊያን ጦር ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ ሄደው በባዝ ከተማ ተቀመጡ፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጻፉትም በዚያ ነው። ጉዞውን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን የዘመኑን ታሪክ የሚያነብ ሰው የጸሐፊውን አቋም ለማወቅ ገጽ መቁጠር አያስፈልገውም፤ ግሡን መመልከት ይበቃዋል። «ተሰደዱ» ያለ የሙሶሊኒን ጦርና የመርዝ ጋዙን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አስቀርቷል። «ሸሹ» ያለ ጦሩን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቶ ንጉሡን ብቻቸውን አቁሟል። «ሄዱ» ያለ ከክርክሩ ለመውጣት ሞክሯል፤ አልተሳካለትም እንጂ።

በዚያው ዘመን ሌላ ቃል ጎን ለጎን ይሠራ ነበር፤ ግዞት። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ፖንዛ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሠሩ፤ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አዚናራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተጋዙ። (ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ በ1935 ዓ.ም. ክረምት ለጥቂት ቀናት የተያዘው በዚያችው በፖንዛ ነበር።) ስለ እነዚህ ሰዎች «ተሰደዱ» የሚል የለም። ግዞት ጋዢው የማይጠፋበት ቃል ነው፤ ማን አጋዘ፣ ወዴት፣ በማን ትእዛዝ የሚሉት ሁሉ ከቃሉ ጋር ይመጣሉ፤ መዝገብም አለው። በባዝ የነበሩትና በፖንዛ የነበሩት ኢትዮጵያውያን አሳዳጃቸው አንድ ነበር፤ ቃሉ ግን በአንዱ ሲታይ በሌላው ተሰውሯል።

ደርግም የራሱ መዝገበ ቃላት ነበረው። የወጣ ባለሥልጣን በመንግሥት አንደበት «ኮበለለ» ወይም «ከዳ» ነበር፤ በራሱ አንደበት «ተሰደደ»። በእግር ወደ ሱዳን የወጣው ተራ ወጣት ደግሞ በቤተሰቡ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ጠፋ» ብቻ ነበር፤ ቀበሌ እንዳይሰማ ከዚያ በላይ አይነገርም። እያንዳንዱ ግሥ ጥፋቱን ለሌላ ሰው ያከፋፍላል።

ድንበር ሲሻገር የሚጠፋው

የዛሬው ይፋዊ አማርኛ ያለበትን ችግር በጉልህ የሚያሳየው «ተፈናቀለ» ነው። ይህ ግሥ አድራጊውን አልጣለም። «አፈናቀሏቸው» ይባላል፤ «አፈናቃይ» የሚል ስምም አለ፤ ከ«ፈነቀለ» ጋር ያለው ዝምድና ለማንም ግልጽ ነው፤ «መፈንቅለ መንግሥት» የሚባለውም ከዚሁ ወጥቶ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት በካምፓላ በ2002 ዓ.ም. ጸድቆ፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ከተቀበለችው በኋላ ቃሉ የሕግ ክብደት አግኝቷል። እንግዲህ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩትን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ማሰብ ነው። ተከዜን ሳይሻገሩ «ተፈናቃዮች» ነበሩ፤ ማን አፈናቀላቸው ብሎ መጠየቅ የግሡ ባሕርይ ነው። ወንዙን ሲሻገሩ «ስደተኞች» ሆኑ፤ ጥያቄው በማዶ ቀረ። በሕግ ረገድ ድንበሩ እውነተኛ ልዩነት ያመጣል፤ ሰውዬው የሌላ አገር ጥበቃ ውስጥ ይገባል። በአማርኛ ረገድ ግን ድንበሩ ያመጣው ለውጥ አሳዳጁን መሸፈን ነው።

ሕጎቹን መከተል አስፈላጊ ነው። የ1951 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነትና ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ስደተኛን የሚተረጉሙት በሚያሳድደው ነገር ነው፤ የመጀመሪያው በደል ይደርስብኛል በሚል በቂ ፍርሃት፣ ሁለተኛው በዚህ ላይ የውጭ ወረራን፣ የባዕድ አገዛዝንና የሕዝብ ሰላም መታወክን ጨምሮ። አዋጅ ቁጥር 409/1996ም ሆነ የተካው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 «ስደተኛ» የሚሉት በዚህ ትርጉም ነው። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ቃሉ ከሥሩ ጋር ይስማማል፤ አሳዳጅ የሌለበት ስደተኛ የለም። አዋጅ ቁጥር 909/2007 ግን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ስለሚሻገሩ ሰዎች ሲናገር እነዚህንም «ስደተኞች» አላቸው። በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ አንድ ቃል በአንዱ አዋጅ ጥበቃ የሚገባው ሰው ሆነ፤ በሌላው የወንጀል ታሪክ ውስጥ የሚገኝ መንገደኛ። የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 «ሰው» የሚለውን መርጦ «ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር» ማለቱ ጥሩ እርማት ነው፤ ብዙ የተወራለት ባይሆንም።

እርማቱ ከአዋጁ አልፎ ወደ ራዲዮና ወደ መድረክ አልደረሰም። «ሕገወጥ ስደት» የሚለው ሐረግ ዛሬም በዜና፣ በዐውደ ጥናት ሰሌዳና በመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ላይ ይነበባል። ሐረጉ ራሱን ይቃወማል። መሰደድ በአንድ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ከሆነ፣ ሕግ የሚተላለፈው የሚያደርሰው እንጂ የሚደርስበት አይደለም። ሕጉም ይህንኑ ይላል፤ የጄኔቫው ስምምነት አንቀጽ 31 ከአደጋ በቀጥታ የመጣን ስደተኛ ያለ ፈቃድ ገባህ ተብሎ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል፤ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው የ2000 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮልም የተሻገረው ሰው በመሻገሩ ብቻ እንዳይከሰስ ይደነግጋል። ሕገወጡ አሻጋሪው ነው። «ሕገወጥ ስደት» የሚል ርእስ የያዘ ጥናት በመጀመሪያው ገጹ ላይ የተጠኚዎቹን የሕግ አቋም አሳስቶ ይጀምራል።

በዚሁ ላይ የተመላሾቹ ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ አማርኛው «ተባረሩ» አለ፤ «ሳዑዲ አባረረቻቸው»። ግሡ አድራጊውን በስሙ ጠርቷል። እነዚያው ሰዎች ሲሄዱ ግን «ተሰደዱ» ነበር የተባለው፤ በመሄጃው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቶቹ እነርሱ ብቻ ናቸው። በሪያድ የነበረው ፖሊስ በግሡ ውስጥ አለ፤ በወሎ ያለው የመሬት ጥበት፣ የደላላው ብድርና የቤተሰቡ ዕዳ የሉም። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ያነበበ ሰው በደል የሚጀምረው ከባሕሩ ማዶ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ከዚህ ችግር ለመውጣት ብዙ አጥኚዎች የያዙት መንገድ «ፍልሰት» ነው። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ይባል የነበረው ተቋም አሁን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እየተባለ ነው፤ «መደበኛ ያልሆነ ፍልሰት» የሚለውም እየተለመደ ነው። ቃሉ ጥቅም አለው። የሠራተኛውን፣ የተማሪውን፣ የነጋዴውንና የተሳደደውን እንቅስቃሴ በአንድነት ለመቁጠር የሚያስፈልግ ሰፊ ስም ነው፤ ለሕዝብ ቆጠራ ባለሙያ «ስደት» ሊያገለግለው አይችልም። ገለልተኛ ነው የሚባለው ግን በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። «ፈለሰ» ከቦታ ወደ ቦታ ተዛወረ ነው፤ በግእዝ ወንጌል የባቢሎን ምርኮ ፍልሰት ይባላል፤ በነሐሴ የሚጾመው ፍልሰታም ከዚህ ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው «ፈላሻ» ደግሞ ቤተ እስራኤል እንደ ስድብ የሚቆጥሩት ስም ነው፤ በትውልድ ምድራቸው ለዘመናት ለኖሩ ሰዎች «መጤ» የሚል መልእክት ነበረውና። ገለልተኛ የተባለው ቃል ያለ አሳዳጅ የሚንቀሳቀስ ሰው ይፈጥራል፤ ወፍም ይፈልሳል። በጦርነት የወጣን ሰው «ፈለሰ» ብሎ መጻፍ ከወገንተኝነት መራቅ ሊመስል ይችላል፤ ለአሳዳጁ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል ሊገኝለት አይችልም።

የሚቃወም ሰው ሁለት ጠንካራ ነጥብ አለው። አንደኛው፦ ሕዝቡ ረኀብንና ድህነትን ሳይቀር አሳዳጅ እያደረገ «ስደት» ካለ ቃሉ ልክ ያጣል፤ ጥበቃ የሚገባውን ከማይገባው መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛው፦ የሚወጣውን ሁሉ ተሳዳጅ ማድረግ የሰዉን ፈቃድና ብልሃት ይክዳል፤ በራሷ ገንዘብ፣ በራሷ ስሌት ወደ ቤይሩት የሄደችን ሴት እንደ ተነዳ ከብት ያስቆጥራል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ የሚያስፈልገው ግን የሕጉን ስም ማጥበብ እንጂ የሕዝቡን ግሥ ማረም አይደለም። ሕጉ «ስደተኛ» የሚለውን በአዋጁ ትርጉም ይወስን፤ «ኑሮ አሰደደኝ» ያለች ሴት ግን የሕግ አቋም እየጠየቀች ሳይሆን ምክንያት እየተናገረች ነው፤ ምክንያቷን አጥኚው ሊመዝነው እንጂ በሌላ ቃል ሊተካው አይገባም። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። መልሱም ምናልባት «ተሰደደ» በራሱ ውስጥ ይገኛል፤ ግሡ ወደ እነ «ተሻገረ» ወገን ማዘንበሉ ኪሳራ ብቻ አይደለምና። የተሳደደ ሰው መንገድ ይመርጣል፣ ገንዘብ ይበደራል፣ ቋንቋ ይማራል፤ የዛሬው «ተሰደደ» ይህን ድርጊት ሊሸከም ይችላል። ጥሩ ጥናት ሁለቱንም ፍች ይፈልጋል፤ ያሳደደውን በአንድ አምድ፣ ተሳዳጁ ያደረገውን በሌላ።

በመስክ ይህ ቀላል ነገር ይጠይቃል። «ለመሰደድ የወሰኑት ለምንድን ነው?» በሚለው ፋንታ «ከአገር ያስወጣዎ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሊለወጥ ይችላል፤ አማርኛ በዚህ ረገድ ለጋስ ነው፤ ነገርን ባለቤት አድርጎ ሰውን ተሳቢ ማድረግ በቋንቋው የተለመደ ነውና። «ምን አሰደደሽ?» የሚለው የመንደር ጥያቄ ከብዙ የተተረጎመ መጠይቅ ይበልጥ ይመረምራል። ይህም የራሱ አድልዎ አለበት፤ ምንም ያላስወጣውን ሰው ምክንያት እንዲፈጥር ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ከሁለቱ በፊት የሚቀድም አንድ ባዶ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ «ከአገር የወጡበትን ጊዜ ይንገሩኝ»። ተጠያቂዋ «ወጣሁ»፣ «ሄድኩ»፣ «ጠፋሁ»፣ «ላኩኝ» ወይም «ተሰደድኩ» ማለቷ መመዝገብ አለበት። እነዚህ ግሦች በትርጉም ጊዜ ሁሉም በአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ሲጠቀለሉ ከመረጃው ውስጥ ምርጡ ይጣላል፤ «ላኩኝ» ያለችው ልጅ ላኪዎቿ እነማን እንደሆኑ በአንድ ፊደል ተናግራለች።

የማይፈታ ነገርም አለ። በጅግጅጋ አቅራቢያ በቀብሪበያህ መጠለያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሶማሊያ ስደተኞች ይኖራሉ፤ በዚያ ተወልደው፣ በዚያ ተምረው፣ በዚያ የወለዱ አሉ። በሕግ ስደተኞች ናቸው። «ተሰደደ» ግን በሕይወታቸው ውስጥ የተፈጸመበት ቀን የለም፤ ያሳደደው የሞቃዲሾ ጦርነት የሚያውቀው አባቶቻቸውን ነው። የመረጃ መሰብሰቢያው ቅጽ «የተሰደዱበት ዓመት» የሚል አምድ አለው። እዚያው የተወለደ የ25 ዓመት ወጣት ፊት ተቀምጦ ይህን አምድ የሚሞላ አጥኚ የልደት ዓመቱን ይጽፍ ይሆናል፣ የአባቱን መምጫ ይጽፍ ይሆናል፣ ሰረዝም ያደርግበት ይሆናል። ሦስቱም በየቅጹ ላይ ይገኛሉ፤ ሲደመሩም እንደ አንድ ነገር ይደመራሉ።